በጥር የመጣው ቆጣሪ

ደብዳቤው ደንገል ዳር መንደር የደረሰው በታንኳ ነበር። የ1960 ዓ.ም. መስከረም ከጠባ አሥር ቀኑ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ወጥተው፣ የፎገራ ሜዳ ከወረታ ግርጌ እስከ ጣና ዳር አንድ ወጥ ውሃ ሆኖ ተኝቷል። የመንደሩ ጎጆዎች ከፍ ባለው ጉብታ ላይ ተጠጋግተዋል፤ ሰውና ከብቱም ደረቅ መሬት ተሻምተው ይውላሉ። መምህር አያልነህ ፖስታውን ከቀዛፊው እጅ ተቀብሎ እዚያው ጭቃው ላይ እንደ ቆመ ቀደደው።

ወረቀቱ አዲስ የትምህርት ማሻሻያ መውጣቱን ያበሥራል። መስከረም ሃያ አምስት ቀን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲቆጥር፣ ሠላሳ ተማሪ በቦታው ያልተገኘበት አምስተኛ ክፍል ሁሉ ይዘጋል። ልጆቹ በአቅራቢያው ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፤ አስተማሪውና በጀቱም አብረው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው የመንግሥት ገንዘብ እንዳይባክን ነው ይላል።

አያልነህ ደግሞ አነበበው። «እንዳይባክን» ከሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮው ጋለ። ምኑ ነው የሚባክነው? የትምህርት ቤቱን ግድግዳ የማገረው ገበሬው ነው። ሣሩን አጭዶ በደቦ የከደነው ገበሬው ነው። ልጆቹ የሚቀመጡበትን መደብ ሴቶቹ ጭቃ ረግጠው ሠርተውታል። ጠመኔ ሲያልቅ አያልነህ ራሱ ከደመወዙ ቀንሶ ከወረታ ይገዛል። ከመንግሥት የመጣው አንድ ጥቁር ሰሌዳና የሱ ደመወዝ ነው። ገበሬው ግን በየዓመቱ ከመሬት ግብሩ ጋር «ለትምህርት» እየተባለ ሲከፍል ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደንገል ዳር ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀርቶ ገና ካልታሰበበት ዘመን ጀምሮ ከፍሏል።

አምስተኛ ክፍል የተከፈተው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አራተኛን የጨረሰ ልጅ፣ ወረታ ዘመድ ካለው እዚያ ተጠግቶ ይማራል፤ ከሌለው ደብተሩን ጎጆው ጣሪያ ውስጥ ሸጉጦ ከከብቱ ኋላ ይመለሳል። ወረታ በበጋ እንኳ ለጎልማሳ እግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አሁን በአያልነህ መዝገብ ላይ ሠላሳ ስምንት ልጆች አሉ፤ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ታዲያ በመስከረም ማን ይቆጠራል? ግማሾቹ የሚኖሩት ከውሃው ማዶ ባሉት ጉብታዎች ላይ ነው። ውሃው ሸሽቶ ጓያው ሲዘራ ልጆቹም ይመጣሉ። ይህን የሜዳው እረኛ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ወረቀቱን የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

በቅዳሜው ታንኳ ተሳፍሮ፣ ከዚያም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በውሃና በጭቃ እየተራመደ ወረታ ገባ። የመምህራን ማኅበሩ የወረታ ቅርንጫፍ ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ቢሮ ግን የለውም። ስብሰባው የሚደረገው ከነጋዴው ከሳልህ ሱቅ ኋላ ባለው መጋዘን፣ በጨው ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው ነው። ሰብሳቢው አቶ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ የወረታው ትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቃል ከአፋቸው ከመውጣቱ በፊት መዝነው የሚያወጡ ሰው።

አያልነህ ቆሞ ወረቀቱን አነበበላቸው። ሲጨርስ አቶ ገብረ ኪዳን ቶሎ አልፈረዱም። ሌላ አገር ሳሉ አንድ አስተማሪ ለአራት ልጅ ብቻ ሲያስተምር፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለዘጠና ሲጮህ በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ። ማሻሻያውን ያወጣው ሰው ይህን አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብሎ ክፋት ነው ማለት አይገባም አሉ። ደግሞም ደንገል ዳር ቢዘጋ ልጆቹም በጀቱም የሚመጡት ወደ እሳቸው ትምህርት ቤት መሆኑን ራሳቸው አነሡት፤ «ጥቅሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንዳትሉኝ» ብለው።

«እኔም መቆጠሩን አልጠላሁም» አለ አያልነህ። «ይቁጠሩን። ግን ግብር ሰብሳቢው ለምንድን ነው በመስከረም የማይመጣው? ሜዳው የሚደርቅበትን ቀን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። በጥር ይመጣል፤ ጎተራው ሞልቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰው ሁሉ በቤቱ ሳለ። ለመውሰድ ሲሆን አገራችንን እንዲህ የሚያውቅ መንግሥት፣ ለመስጠት ሲሆን ውሃ መኖሩን እንዴት ይረሳል? ግብሩ በሚሰበሰብበት ወር ልጆቻችንም ይቆጠሩ።»

አቶ ገብረ ኪዳን ወረቀቱን ተቀብለው ደግመው አነበቡት። ከዚያም፣ «እንደ ተናገርከው ጻፈው። ስድቡን ብቻ አውጣለት» አሉ።

ሳልህ ወረቀትና ቀለም አቀበለ። «እናንተ ሰዎች ደብዳቤ በጻፋችሁ ቁጥር ወረቀቱም ከኔ፣ ቀለሙም ከኔ፤ ከናንተ የሚወጣው ቁጣ ብቻ ነው» ብሎ አሣቃቸው። ዘጠኙም ፈረሙ።

የመስከረሙ ቆጠራ እስኪወሰን ታግዶ ቆይቶ፣ መልሱ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መጣ። ማኅበሩ ያቀረበው ምክንያት ተመርምሮ ተገቢ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የፎገራ ሜዳ ትምህርት ቤቶች ቆጠራ ወደ ጥር አሥራ ስድስት ተዛውሯል። አያልነህ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ከልጆቹ ፊት እንደ ልጅ ሣቀ። መንግሥት ጽፈው ሲነግሩት የሚሰማ መሆኑን በዚያ ቀን አመነ።

በጥር መጀመሪያ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ለወላጆች ተናገረ። ጥር አሥራ ስድስት ቀን ቆጣሪ ይመጣል፤ ሠላሳ ልጅ ካላገኘ ክፍሉ ይዘጋል፤ በዚያን ቀን ማንም ልጁን እንዳያስቀር አላቸው። ሰዎቹ አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መረቁት። ከፊት ቆመው የነበሩት የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ መንግሥቴ ናቸው። «ሰምተናል መምህር፤ እግዜር ይስጥህ» አሉት።

ያ ጥር ግን እንደ ሌላው ጊዜ ጥር አልነበረም። ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም በኩል፣ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ግብሩ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ እየተሻገረ ይመጣል። ዛሬ ወይፈኑን፣ ነገ ጎተራውን፣ ከነገ ወዲያ ሰውን ራሱን ይቆጥሩታል እየተባለ በየማሳው ይወራል። በፎገራ ሜዳ አባት ለልጁ የሚያወርሰው አንድ ብልሃት አለ፤ በጥር ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ያለህን አታሳየው። ከብቱን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ቄጠማ ኋላ ትነዳለህ፤ ጎተራህን ሣር ታለብሳለህ፤ ስንት ልጅ አለህ ሲሉህ ወባ ጨረሰብኝ ትላለህ።

ተቆጣጣሪው በተባለው ቀን በበቅሎ መጣ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ አቧራው ሳል የለቀቀበት ሰው ነው። መንገዱን የማያውቅ በመሆኑ ወረዳው መሪ ሰጥቶታል። አያልነህ መሪውን ሲያይ አወቀው። በየጥሩ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ የሚመጣው የግብሩ ጸሐፊ ነበር፤ ዛሬም መዝገብ ይዟል።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ተቀምጠዋል። አያልነህ አንድ ባንድ አያቸው። የሸማኔዎቹና የሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች ናቸው፤ መሬት የሌላቸው፣ ከግብር ጸሐፊም የሚሸሽጉት የሌላቸው። ባለ መሬቱ ሁሉ ልጁን አስቀርቷል።

ትንሽ እንጠብቅ ብሎ ለመነ። ጠበቁ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ማንም አልመጣም። በመጨረሻ አያ መንግሥቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ብቻቸውን መጡ፤ ለእንግዳው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። አቶ ኃይለ ሚካኤል በዚህ መንደር ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስንት እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው።

«ልጅስ አልሰጠንም ጌታዬ» አሉ አያ መንግሥቴ። «ያየኸው ይኸው ነው። ሌላውን ወባ ወሰደብን፤ መቃብሩን ቁጠር ካልክ ላሳይህ።»

«አያ መንግሥቴ!» አለ አያልነህ። «የርስዎ የራስዎ ሁለት ልጆች እዚህ ይማራሉ! ትናንት መልሼ የሰጠኋቸው ደብተር የማን ነው?»

ሽማግሌው ወደሱ ዞረው በርኅራኄ አዩት፤ እንዳበደ ዘመድ። ጸሐፊው ፈገግ አለ። አቶ ኃይለ ሚካኤል መዝገቡ ላይ የሠፈሩትን ሠላሳ ስምንት ስሞች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «አምንሃለሁ» አለው። «ግን የተላክሁት መዝገብህን እንድቆጥር አይደለም፤ በቦታው የተገኘውን እንድቆጥር ነው።» ቅጹ ላይ «አሥራ አንድ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። ነገ ጧት ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን እንደሚያልፍ ተናግሮ በቅሎው ላይ ወጣ።

አያልነህ ልጆቹን አሰናብቶ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። የተናደደው በማን እንደሆነ ማወቅ አቃተው። በመንግሥቴ ነው? መንግሥቴ ዕድሜ ልካቸውን ቆጣሪ መጥቶ የሰጣቸው ነገር የለም፤ ሁሉም ወስዷል። ሃያ ዓመት ሙሉ በትምህርት ስም ተቀብሎ አንድ ቆርቆሮ ያላለበሰ መንግሥት፣ ዛሬ ለመስጠት ነው የመጣሁት ቢል ማን ያምነዋል? ያውም በግብር ጸሐፊ እየተመራ! ከሁሉ ይልቅ የቆጨው ግን የራሱ ነገር ነው። ወሩን የመረጠው እሱ ነው። በዚያ በሳልህ መጋዘን፣ ዘጠኙንም ያስፈረመበት ንግግር ነው ልጆቹን ወደ ደንገሉ የነዳቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኘሁሽ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ የባሏን መሬት በጠላት መካከል አንቃ የያዘች ሴት ናት፤ ልጇ ድንቅነሽ ከክፍሉ አንደኛ ትወጣለች። ልጅቱ ከሐይቁ ዳር ስትመለስ ከክፍል ጓደኞቿ ሰምታ እያለቀሰች፣ ቆጣሪው የግብር እንዳልሆነ፣ ክፍሏ መዘጋቱን ነግራታለች። አገኘሁሽ እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። እውነት ነው አላት። ታዲያ ለምን አስረግጠህ አልነገርከንም አለችው። ነግሬያችሁ ነበር አላት።

«ነግረኸን ነበር» አለች። «እኛም አንተን ጠልተን አይደለም። ልጅ ነህ፤ አታለውህ ነው አልን።»

እሷው ናት ከቤት ቤት ዞራ ሰዉን አያ መንግሥቴ ግቢ የሰበሰበችው። ክርክሩ ብዙ ነበር። አንዳንዱ ዛሬ ደብቀን ነገ ብናሳይ ውሸታችን ይወጣል፣ ከብቱንም ይጠይቁናል አለ። አንዳንዱ ደግሞ ልጄ እንደኔ በአውራ ጣቱ እየፈረመ ይኑር እንዴ አለ። አያ መንግሥቴ አጎንብሰው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ ብለው ተነሡ።

ዶሮ ሲጮኽ ጉዞ ጀመሩ። ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ ከኋላ አባቶችና እናቶች፣ የደረቀውን ጥቁር መሬት ስንጥቁን እየዘለሉ በጓያው ማሳ መካከል። ወረታ ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ወደ ክፍል እየገባ ነበር። አቶ ኃይለ ሚካኤል ከአቶ ገብረ ኪዳን ቢሮ ደጅ ቆሟል፤ ሊሄድ ሻንጣውን ይዟል።

አያ መንግሥቴ ከፊቱ ቆመው ትናንት መዋሸታቸውን በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ልጆቹ እነዚሁና ቁጠራቸው አሉት። ተቆጣጣሪው ልጆቹን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ነገር ግን ቅጹ በትምህርት ቤቱ ቦታ፣ በተወሰነው ቀን የተገኘውን ብቻ እንደሚል፣ ማኅተምም እንዳረፈበት አስረዳቸው።

«ግብራችንን የት ነው የምንከፍለው?» አሉት አያ መንግሥቴ። «እዚሁ ወረታ መጥተን ነው። ወረታ ስለከፈልን የወረታ ግብር ተባለ? የደንገል ዳር ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብራችን ሦስት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ የደንገል ዳር ከሆነ፣ ልጃችን ሦስት ሰዓት ተጉዞ ሲመጣ የማን ሊሆን ነው?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አባቴ፣ ልጆቹ እኮ ትምህርት አያጡም» አለ። «እዚህ ተዛውረው ይማራሉ። ማሻሻያው የሚለው ይኸንኑ ነው።»

እስከዚያ ድረስ አቶ ገብረ ኪዳን ከውስጥ ሆነው ያዳምጡ ነበር። አሁን ከቢሯቸው በር ወጥተው፣ «እንግዲያው ያዛውሩልኝ» አሉ። «ልጆቹ ደርሰዋል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ማለት ምን ያስፈልጋል?»

ወደ አምስተኛ ክፍል ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ለአርባ ልጅ በተሠራው ክፍል ስድሳ ሰባት ተቀምጠዋል፤ በአንድ አግዳሚ አምስት አምስት ሆነው። የደንገል ዳር ልጆች እያመነቱ ገቡ። በመተላለፊያው ቆሙ፤ ከሰሌዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መስኮቱ ላይ ወጡ። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ሲቀሩ በሩ ሞላ፤ የቀሩት ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሙ። አስተማሪው ጠመኔውን ይዞ ከሰሌዳው ጋር ተጣብቋል፤ እጁን የሚያነሣበት ቦታ አጥቶ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ከልጆቹ ኋላ ቆሞ በጫፍ እግሩ ወደ ውስጥ አየ። ሊገባ ሞከረ፤ አልቻለም።

«አሁን ልጆቹ ማታ የት ያድራሉ ብዬ አልጠይቅዎትም» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን። «ምን ይበላሉ ብዬም አልጠይቅዎትም። የርክክቡን ቅጽ ይዘዋል፤ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ተቀብያለሁ ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። አልፈርምም። ጡረታዬ ሊደርስ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል፤ ያልተቀበልኩትን ተቀበልኩ ብዬ ግን አልወጣም። ባክኗል የተባለው ገንዘብ የት እንዳለ ያሳዩኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ አለ?»

ከየክፍላቸው የወጡት አስተማሪዎች አንድ ባንድ መጥተው ከአጠገባቸው ቆሙ። አያልነህም ቆመ። ማንም አልጮኸም። ልጆቹ ብቻ ውስጥ ሆነው ይሳሳቃሉ፤ አንደኛው የሌላውን እግር ረግጦ ነው።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረና በላዩ ተቀመጠ። ብዙ አሰበ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ያየውን ጻፈ፤ ስንት ልጅ በስንት እርምጃ ክፍል እንደ ቆመ፣ ስንቱ ውጭ እንደ ቀረ። የሠላሳ ስምንቱን ስም አያልነህ እየጠራለት አንድ ባንድ ፊታቸውን እያየ መዘገበ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጽ ማጥፋት እንደማይችል፣ ይህን ግን አያይዞ እንደሚልከው ነገራቸው። የማኅበሩ ዘጠኝ አባላት በምስክርነት ፈረሙ። ከነሱ በታች አያ መንግሥቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

መልሱ በመጋቢት መጨረሻ መጣ፤ ሁለት አንቀጽ ነበረው። በመጀመሪያው፣ የደንገል ዳር አምስተኛ ክፍል ባለበት እንዲቀጥል ተፈቅዷል። በሁለተኛው፣ መምህር አያልነህ ሕዝብን ከሥራው አስነሥቶ ወደ ወረታ በማስከተሉ፣ ለትምህርቱ ሥራ ጸጥታ ሲባል፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል።

በሳልህ መጋዘን የማኅበሩ አባላት በቁጣ ነደዱ። ክፍሉ የቀጠለው በሠራው ሥራ ነው፤ የተቀጣውም በዚያው ሥራ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ተሸልሞ ይቀጣል ወይ አሉ። ሁለቱንም አንቀጽ እንመልስ ያለም ነበር። አያልነህ እምቢ አለ። የመጀመሪያው አንቀጽ የልጆቹ ነው፤ አትንኩብኝ፤ በሁለተኛው ላይ እስክትሰለቹ ጻፉ አላቸው።

ተተኪው ማናዬ የሚባል ወጣት ነበር፤ ገና ከማሠልጠኛ የወጣ፣ ጫማው ያልተጣመመ። አያልነህ መዝገቡን፣ የሰሌዳውን መጥረጊያና ግማሽ ካርቶን ጠመኔ አስረከበው። ማናዬ ሲያፍር ሲፈራ ቆይቶ፣ ለመሆኑ ምን አጥፍተህ ነው የሚያዛውሩህ ብሎ ጠየቀው።

«ሠላሳ ስምንት ልጅ አስቆጥሬ» አለው አያልነህ።

ማናዬ ቀልድ መስሎት ሣቀ። አያልነህ አልሣቀም።

«የማኅበሩ መዋጮ በወር ሃምሳ ሣንቲም ነው» አለው። «ስብሰባው ቅዳሜ፣ ወረታ፣ ሳልህ የሚባል ነጋዴ ዘንድ ነው። ጓዜን የምጭነው ሰኞ ስለሆነ እስከዚያ እኔም አባል ነኝ፤ በጧት እንነሣና አብረን እንሄዳለን። የመጀመሪያው አጀንዳ የኔ ዝውውር ነው፤ ሁለተኛው ጠመኔ። በሁለቱም ላይ ትፈርማለህ።»